ለመልስ የተተወ ዝምታ

በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። እናቴ በመስኮቱ በኩል ባለው ሶፋ ላይ፣ እግሯን ትንሽ ወንበር ላይ አድርጋ። ታላቅ እህቴ፣ አረጋውያንን ከምትንከባከብበት ሥራዋ ገና መግባቷ ስለነበር የሥራ ልብሷን ሳትለውጥ፣ በሩ አጠገብ ቆማ። የእናቴ አጎት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ነታንያ ከሚባለው ከተማ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጋር የአንድ መንደር ልጅ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው። እና እኔ፣ ላፕቶፑን ይዤ ምንጣፉ ላይ።

ሌላም ሰው ነበረ፤ ግን በድምፁ ብቻ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጎንደር ያሉት አጎቴ። ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ከእናቴ በቀር ሁላችንም እናውቃለን።

እናቴ በዚያው እሑድ የልብ ቀዶ ሕክምና ነበራት። ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም ነበር። ቶሩን፣ ማለትም ተራዋን፣ ለማግኘት ብዙ ወራት ጠብቃለች። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ቆማ ስትተነፍስ ከቤት ውስጥ እንሰማታለን። የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና መድን ክሊኒኳ፣ ነርስ የደም ግፊቷ ከፍ ካለ ቀኑ ሊተላለፍ እንደሚችል ነግራናለች፤ ሁለተኛ ቀን መቼ እንደሚገኝ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚያ ዓርብ ለመናገር መጀመሪያ ስለ አንድ ጌም መናገር አለብኝ። አባባ ያንን ሥራ የሰጡኝ በጌሙ ምክንያት ነውና።

ጌሙ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማያንስ፣ የምት ጌም ነው። ልጅ ሳለሁ እህቴ መሀል ከተማ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ከነማጫወቻው ገዝታ አመጣችው። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ባለሙያ አለ፤ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ አናጢ፣ ልብስ አጣቢ። ባለሙያው በመዶሻው ወይም በመወርወሪያው አንድ ምት ይመታና አራት ቆጥሮ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንተ ያንኑ ምት በቁልፉ ትመልሳለህ። ከፈጠንክ ወይም ከዘገየህ ፊቱን ያዞርብሃል። እኔና እህቴ በዚህ ጌም ብዙ ቅዳሜ ማታዎችን ጨርሰናል፤ ሸማኔው ላይ ስንደርስ ግን ሁልጊዜ እንሸነፋለን። በመጨረሻ ያሸነፍነው እኔ አንድ ነገር ስለደረስኩበት ነው፦ ሸማኔው ላይ ጆሮህን ማመን የለብህም። ምቱን ከሰማህ በኋላ ፀጉር የምታህል ጊዜ መዘግየት አለብህ። ለዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ተለማመድኩ።

የኛ ዲስክ ለአውሮፓ የተሠራው ነው፤ እዚህ አገር የሚሸጠውም ያ ነበር። የጃፓኑን ቅጂ ያገኘሁት አድጌ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የስልክ ጥገና ሱቅ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። በጃፓኑ ሸማኔ ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ ተሸነፍኩ። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የጃፓን ቴሌቪዥን በሰከንድ ስድሳ ሥዕል ያሳያል፤ የኛ የድሮው ዓይነት ግን ሃምሳ ብቻ። ጌሙን ወደኛ ሲያመጡት ሙዚቃውን እንዳለ ተዉት፤ ሸማኔው ላይ ቁልፉ የሚጠበቅበትን ቅጽበት ግን ማስተካከል ረሱ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በጥንቃቄ የተለማመድኩት የሌላ ሰው ስህተት ነበር። እስከ ዛሬ እጄ ይዘገያል።

ከዚያ በኋላ ዲስኮቹን መክፈት ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ሌሎች በኢንተርኔት የጻፉትን እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ ተማርኩት። ዲስኩ ሲከፈት የድምፅ ፋይሎቹ በቁጥር ተደርድረው ይታያሉ። ባለሙያዎቹ ስምንት ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን ዘጠኝ ናቸው። ጌሙን ስትጫወት ከስድስተኛው ባለሙያ በቀጥታ ወደ ስምንተኛው ፋይል ትሻገራለህ። ሰባተኛው ሥዕል የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፣ ከጌሙም ወደሱ የሚወስድ መንገድ የለም። ግን አለ። እንዲህ ያለ ነገር በአሮጌ ጌሞች ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አንዱን ክፍል ነቅለው ቢያወጡ የቀረው ሁሉ ቦታው ይዛባል፤ ስለዚህ ክፍሉን ትተው መንገዱን ብቻ ይቆርጣሉ።

በጃፓኑ ዲስክ ሰባተኛው ፋይል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው በኢንተርኔት ተረጎመልኝ። «አድምጥ» ይላሉ፤ በእንጨት እንጨት ይመታሉ። «አሁን አንተ» ይላሉ። ዝም። አራት ምት የሚያህል ጊዜ። ከዚያ «ጎበዝ» ይላሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ እሳቸው ግን እንደተመለሰላቸው «ጎበዝ» ይላሉ። ይህ አሥር ጊዜ ይደገማል። በአሥራ አንደኛው «አሁን አንተ» ካሉ በኋላ «ጎበዝ» የለም። ፋይሉ አያልቅም፤ የክፍሉ ዝምታ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይቀጥልና መሀል ላይ ወንበር አንድ ጊዜ ሲንቋቋ ይሰማል።

በኛ ዲስክም ሰባተኛው ፋይል አለ፤ ርዝመቱም እኩል ነው። የሽማግሌው ቃል ሁሉ ተፍቋል። ዝምታው ግን አልተፋቀም፤ ወንበሩም በዚያችው ሰከንድ ይንቋቋል። ልጅ ሆኜ ማጫወቻው ውስጥ ሲሽከረከር የነበረው ዲስክ ያንን ክፍል ይዞ ይዞር እንደነበር ሳስብ ለጥቂት ቀን ጌሙን ማየት አልፈለግሁም።

እህቴ በጆሮ ማዳመጫ ሽማግሌውን ደጋግሜ ስሰማ አይታ ትስቅብኝ ነበር። «ጎበዝ ሲሉህ ደስ ይልሃል አይደል? እኛማ ብለንህ አናውቅ።» ለአባባም የነገረቻቸው እሷ ናት፤ ይህ ልጅ ከዲስክ ውስጥ የተደበቀ ሰው ያወጣል ብላ።

አሁን ስለ አጎቴ።

አጎቴ ወደዚህ ለመምጣት ፈቃድ እየጠበቁ ጎንደር ከቀሩት ናቸው። እናቴ እህቴን አዝላ ስትመጣ እሳቸው በሚቀጥለው ዙር ይመጣሉ ተብሎ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚህ አፉላ ነው፤ በአካል አይቻቸው አላውቅም። የማውቀው ድምፃቸውን ነው። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። የስልኳ ድምፅ ደካማ ስለሆነ እኔ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ አጎላላታለሁ።

ለአጎቴ መልእክት መላክና ስልክ መደወል አንድ ነበር። «እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ?» ይላሉ። ከዚያ ዝም ብለው መልሱን ይጠብቃሉ። «እግዜር ይመስገን። ልጆቹስ?» ዝም። «ተመስገን። ጉልበትሽስ?» ዝም። «ይሻልሻል፣ ይሻልሻል።» እናቴም በያንዳንዱ ዝምታ ውስጥ ጮክ ብላ ትመልሳለች፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበቴ እንደሁ ያው ነው። ጊዜው ልክ ነበር። አጎቴ የሚጠብቁት እሷ መልሳ እስክትጨርስ የሚፈጀውን ያህል ነው፤ አንድም ቀን አፏ ላይ ሲናገሩባት አልሰማሁም። አንዴ እህቴ እየሳቀች፣ እማ ይሄ እኮ ቀረጻ ነው፣ አይሰማሽም አለቻት። እናቴ አልሳቀችም። «ይሰማኛል አልኩሽ? ሰው ደህና ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ዝም ይባላል?»

የአጎቴ ልጅ ጎንደር ሆና ወደ እህቴ ደውላ አባቷ በሌሊት እንዳረፉ ነገረቻት። እህቴ ለአባባ ነገረች፤ አባባም በማግስቱ መጡ። በኛ ዘንድ ሞት ለባለሐዘኑ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰውም ብቻውን አይናገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሰው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። ያ ጠዋት እስኪመጣ የሚያውቅ ሁሉ እንደማያውቅ ሆኖ ይኖራል። ሰላም ይላል፣ ይስቃል። ልጅ ሆኜ አንዲት የሰፈራችን ሴት በሠርግ አዳራሽ ስትጨፍር አይቻለሁ፤ አባቷ መሞቱን አዳራሹ ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር፤ ያጨበጭቡላት ነበር።

አባባ ወሰኑ፦ ከሕክምናው በፊት መርዶ የለም።

የመጀመሪያው ዓርብ ያለ መልእክት አለፈ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አልናት፤ ብዙ ጊዜ እውነትም ይጠፋል። ሁለተኛው ዓርብም አለፈ። ያን ሳምንት እናቴ ስልኩን ጡቷ ሥር አድርጋ መተኛት ጀመረች። እህቴ ጠዋትና ማታ ግፊቷን ትለካና ቁጥሩን በወረቀት ትጽፋለች፤ ቁጥሩ በየቀኑ ይወጣ ነበር። ረቡዕ ዕለት አባባ ደወሉልኝ።

«አንተ ከዚያ ከጌምህ የተደበቀ ድምፅ ታወጣለህ ይላሉ።»

እዚያ ውስጥ ያለውን ነው የማወጣው፣ የሌለ አልፈጥርም አልኳቸው።

«ፍጠር ማን አለህ? ያለውን ፈልግ።»

ያለ ነገር ነበር። አጎቴ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰላምታቸውን በስልኩ መቅጃ ይቀዱትና ልጃቸው ኔትወርኩ ሲመለስ ትልከው ነበር። ሳይላኩ የቀሩ ሦስት ቀረጻዎች ስልካቸው ውስጥ አገኘች፤ ላከችልኝ። በአንደኛው ሕመማቸው ይሰማል፤ ተውኩት። ሁለተኛው ስለ አዲስ ዓመት ያወራል፤ አዲስ ዓመት ካለፈ ወራት ሆኖታልና እሱም አይሆንም። ሦስተኛው ከሞላ ጎደል ሰላምታ ብቻ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሠራሁት። ወታደሮች ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው እየገቡ ይጠሩኝ ነበር፤ ጆሮዬን እየሸፈንኩ በእጄ ምልክት አሳያቸዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቆረጥኩ፤ ጉዳያቸው ከተያዘበት ቢሮ እስካሁን የጠራቸው እንደሌለ የሚናገሩበትን። የተቆረጠበትን ከዚያው ቀረጻ በተወሰደ ዝምታ ሞላሁት። ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ እናቴ በምትመልስበት ፍጥነት ራሴ ጮክ ብዬ እየመለስኩ ሞከርኳቸው። ከአጎቴ ኋላ የዝናብ ድምፅ ነበረ። ዝናብ ጥሩ ነው፤ የተቆረጠበትን ስፌት ይሸፍናል። ከሱቁ ውጭም ይዘንብ ነበር። ስጨርስ ስፌቱን እኔ ራሴ ላገኘው አልቻልኩም። ለአጎቴ ልጅ መልሼ ላክሁላትና ዓርብ በስምንት ሰዓት ከአባቷ ስልክ እንድትልከው ተነጋገርን።

ጊዜው ሲደርስ የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ የአጎቴ ፎቶ ወጣ። ይህን የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ፣ አራቱም ደነገጡ። እናቴ እግሯን ከወንበሩ አወረደች፤ እንግዳ እንደገባ ሰው ሻሿን አስተካከለች።

ከፈትኩት።

«እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ጠፋህ እኮ» አለች እናቴ።

«ተመስገን። ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

ደህና መሆናችንን ነገረቻቸው፤ ሁለታችንም አጠገቧ እንዳለን፣ አባባም እንደመጡ። አጎቴ ይህንንም በተመስገን ተቀበሉ። ጎረቤታችን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አባባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩ ነበር።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴስ ደህና ነው። ልቤን ነው፤ እሑድ ይሠሩልኛል» አለች።

«ይሻልሻል» አሉ አጎቴ። «ይሻልሻል።»

ያንን ዝምታ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ያም ሆኖ ሰምተዋት የመለሱላት መሰለኝ። እህቴ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። መልእክቱ «ደህና ሁኚ እታለም» ብሎ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የተውኩት ስድስት ሰከንድ ዝናብ ነበረ።

እናቴ ድገመው አለችኝ።

በሁለተኛው አልመለሰችም። አጎቴ ይጠይቃሉ፣ እሷ ዝም። እነዚያ ዝምታዎች ባዶ ሲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። ባዶ አልነበሩም። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ነበር፤ ከባድ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ በየዝምታው ወደ ክፍሉ እየገባ የሚወጣ። አጎቴም ማንም ሳይመልስላቸው ተመስገን ይሉ ነበር።

«ጎንደር ላይ እየዘነበ ነው?» አለች እናቴ፣ ሲያልቅ።

ማንንም እያየች አልጠየቀችም። አባባ፣ ዘንድሮ እዚያም ወቅቱ ተዛብቷል ይላሉ አሉ። ጎረቤታችን ቸኩለው፣ አዎ፣ ለእኔም እህቴ ትናንት በስልክ እንዲሁ ብላኛለች ብለው ጨመሩ።

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። «አንቺ ከእህትሽ ጋር ከተኮራረፍሽ ሁለት ዓመትሽ አይደለም እንዴ?»

እናቴ ወደ ላፕቶፑ ተመለከተች። «ይሄ የሐምሌ ዝናብ ነው። ቆርቆሮ እንዲህ የሚጮኸው በሐምሌ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ወሩ ጥር ነበር። እዚህ ዝናብ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው። ጥር ዝናብ ነው፣ ሐምሌ እሳት ነው፤ እኔ ሌላ ወቅት አላውቅም። እዚያ ግን ጥር ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ባዶ፣ ሣሩ ቢጫ። ይህን በትምህርት ቤት የተማርኩ ይመስለኛል፤ ጆሮዬ ግን አልተማረውም። ትንፋሽን ለክቼ፣ ሰከንድን ለአሥር ከፍዬ፣ አንድ ሙሉ ወቅት አለፈኝ። ስፌቴን የሸፈነልኝን ነገር ይዤ ገባሁባት።

አባባ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሽማግሌ ለመጀመር እንደሚጠርገው። እህቴ ወደ እናቴ ተጠጋች፣ ጎረቤታችንም በሌላ ጎኗ። ሁሉም ቦታ ቦታውን እየያዘ ነበር፤ ልዩነቱ ማለዳ አለመሆኑ ብቻ ነው።

እናቴ እጇን አነሣች።

«አባባ፣ ይቀመጡ። እሑድ ሕክምና አለብኝ። ዛሬ ማንም ምንም አልነገረኝም። ከሆስፒታል ስወጣ፣ በወጉ፣ በጠዋት ትመጣላችሁ።»

አባባ ተመልሰው ተቀመጡ። እናቴ እህቴን ሻይ እንድታመጣላቸው አዘዘቻት፤ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ከእንግዲህ አውቶቡስ የለም፣ እዚሁ ያድራሉ አለች። ስልኳን ከላፕቶፑ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍነው ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች፤ እንደምታውቅ እናውቃለን። ማንም ግን አላነሣውም። በላች፣ ቀለደች፣ አባባን እግራቸውን አልብሳ አስተኛቻቸው። ወንድሟን በስም አንሥታ፣ የሰሙኑን ብርድ እንዴት ይዞት ይሆን አለች፤ ጎረቤታችንም ደህና ነው ብለው መለሱላት። እኔ ከክፍሌ ሆኜ እንደ ቀረጻ ሰማኋቸው፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ በጊዜው ትመልሳለች። ሰንበት ሲወጣ እህቴ ግፊቷን ለካች። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት እንደገና ለካች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር አልጻፈችም ነበር።

እሑድ ተሠራላት፤ ዳነች። ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ አባባ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። እናቴን ፀጉሯን ፈትታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አባባ ቃሉን ሲናገሩ የጮኸችው ጩኸት ዛሬ የሰማ ሰው ጩኸት ነው። እህቴና ጎረቤታችን የደረቷን የቀዶ ሕክምና ስፌት እንዳትመታ እጆቿን ይዘው ነበር፤ አቅቷቸው እኔንም ጠሩኝ። ይዣት ሳለሁ አመንኳት። እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር ብሎ የሚምል ካለ ከእርሱ ጋር እምላለሁ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። በሁለተኛው ማዳመጥ፣ «ደህና ሁኚ እታለም» ካሉ በኋላ ባለው ስድስት ሰከንድ፣ የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቅሷል። እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር እያየሁ ስለነበር ያየሁት በዓይኔ ጠርዝ ነው፤ ዝናቡም ነበረ። እሷን ስጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያን ቀን ማን ምን ነገረኝና» ትላለች። እህቴ፣ አንቺ በሩ ጋ ነበርሽ፤ ምንም አላለችም ብለሽኛል፣ ግን ፊትሽን ወደ በሩ አዙረሽ እንደነበር ጽፌዋለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። እርስዎ ጎረቤታችን፣ አጠገቧ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ «እሺ» አለች ብለውኛል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የወንድሟን ስም ጠራች ብለውኛል። የትኛው ነው? አባባ፣ ባርኔጣዎትን እያዩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጆሮዎ ግን ከሁላችንም ይሻላል። ጎንደር ያለሽው የአጎቴ ልጅም፣ ያ ቀረጻ ሲቀዳ አብረሻቸው ከነበርሽ፣ መጨረሻ ላይ ስድስቱን ሰከንድ ምን እየጠበቁ እንደነበር ንገሪኝ። የምታስታውሱትን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጻፉልኝ፤ እዚህ ላይ አስገባዋለሁ።